የብሪታ መጠባበቂያ

ብሪታ ኦፍስተዳል ከልጅነቷ ጀምሮ ሕልሟ አስተማሪነት ብቻ ነበር። እኛ ባለንባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግን ልጅ የሚወልድ ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይዘጋ ጀመር። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ስንገባ አባቷ አርለን ደወለላት። አንድ ክፍል ስለምንኖር ሰማሁት።

«ማይነርሽን፣ የመጠባበቂያ ትምህርትሽን፣ ምን አደረግሽው?»

«ሙዚቃ፣ አባዬ።»

«ሙዚቃ! ማስተማሩ ካልቀናሽ መንገድ ዳር ቆመሽ ልታፏጪ? ደንበኛ የማያልቅበት ነገር ያዢ እንጂ!»

ኮሌጁ ውስጥ ደንበኛ የማያልቅበት ያገኘችው የቀብር አገልግሎትን ብቻ ነው። አባትየው ስትነግረው፣ «እሱስ አያልቅም» አላት።

ጠዋት ሕፃናትን ማስነበብ፣ ከሰዓት ሬሳ ማዘጋጀትና ሐዘንተኛ ማጽናናት ተማረች። እያደር በዚያ በማጽናኛ ድምፅዋ «እንደምን አደርሽ» ስትለኝ ማን ሞተብኝ እያልኩ መደንገጥ ጀመርኩ።

አራተኛ ዓመት ላይ ለማስተማር ልምምድ የአንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ተሰጣት። በጥር አንድ ቅዳሜና እሑድ የትምህርት ቤቱ ማሞቂያ ተበላሸ። ሰኞ ሲገቡ ካፒቴን የሚሏት የክፍሉ ኤሊ ድርቅ ብላለች። ልጆቹ እሪ አሉ። ብሪታ ኤሊዋን ጥጥ ባነጠፈችበት ካርቶን አስተኛችና የተጠገነው ማሞቂያ ላይ አስቀመጠቻት። ልጆቹን አሰልፋ፣ «ካፒቴን ታጋሽ፣ ዝምተኛ፣ ሰላጣ ወዳድ ነበረች...» እያለች ሳለ ኤሊዋ አንገቷን አወጣች።

«ቲቸር አስነሳቻት!» ብላ ጮኸች ኤልሲ የምትባል ልጅ።

በርዷት ነው ብትል ማን ሰምቷት! በማግስቱ የሞተ አይጥ መጣ፤ ከፍሪዘር የወጣ ዓሣ መጣ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ኦርቪል የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ የማይነሳ ትራክተራቸውን አስጎትተው ግቢው ውስጥ ገተሩት። ርዕሰ መምህርቷ ሚስስ ክሉቨር ኮቷን እንኳ ሳትደርብ ሮጣ ወጣች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቲቸሯ እንድታይልኝ ነው።»

«አባባ ኦርቪል፣ እኔ መቅበር እንጂ ማስነሳት አልተማርኩም» አለች ብሪታ።

«ኤሊዋስ?»

«በርዷት ነበር።»

«ይሄስ ሞቆት ነው?»

ቢቸግራት እጇን ሞተሩ ላይ አሳርፋ የምታውቀውን ጀመረች፤ ታማኝ እንደነበረ፣ ብዙ መከር እንዳነሳ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ትራክተሩን ስትነዳ የኖረችው ሟች ሚስታቸው ነበረች። እንባቸውን ጠረጉና፣ «እስከዛሬ ማንም ሞቷል ብሎ አልነገረኝም» አሉ። አስጎትተውም አሮጌ ብረት ገዢዎች ጋ ወሰዱት።

ስንመረቅ ብሪታ ለጥንቃቄ የከተማውን ቀብር አስፈጻሚ ሥራ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ሙያሽን አልንቅም» አላት። «ግን ሐዘንተኛው ሁሉ መጀመሪያ ትሞክርልን እያለኝ ነው። እኔ በምን ልኑር?»

ሚስስ ክሉቨር ግን የብሪታን ዝና ሰምተው ከአጎራባች ከተሞች ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡትን ወላጆች አይታ መስከረም ላይ በአስተማሪነት ቀጠረቻት። ቅድመ ሁኔታዋ አንድ ነበር፦ መሞቱ ላልተረጋገጠ ነገር የስንብት ንግግር እንዳታደርግ።