ከመንገዱ ወዲያ

አባቴ ያንን ተራራ ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና ሲመላለስበት ኖሮ አንድም ቀን አላየውም። ሾፌር የሚያየው መንገዱን ነው። አሁን ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጨለመ ነው፤ ሐኪሙም የቀረውን ማቆየት እንደማይችል ነግሮታል። "አንድ ጊዜ እንኳ ተሳፋሪ ሆኜ ልየው" አለኝ። ምን እላለሁ? የእህቴ ባል አልጋና ምድጃ የገጠመላትን አሮጌ አውቶማቲክ ቫን ተውሼ ተነሣን።

ቫኗ ዳገቱን ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጣችው። እኔ ተናዳጅ ነኝ፤ የማይናደድ የታክሲ ሾፌር ካለ አሳዩኝ። አባዬ ግን ከሚያናድዱኝ ተሳፋሪዎች ሁሉ ባሰ። ዓይኑ ከአስፋልቱ ወይ ፍንክች።

"አባዬ፣ ወደ ጎን እይ እንጂ። የመጣነው ለዚህ አይደል?"

"እያየሁ ነው።"

"አስፋልት ነው የምታየው።"

"አንቺ ዝም ብለሽ ንጂ።"

ጫፉ ላይ ጉም ነበር፤ ምንም ሳይታየን ቁልቁለቱን ጀመርን። ያቺ አሮጊት ከነአልጋዋ ከነምድጃዋ ተንደረደረች። እኔም ፍሬኑን ረግጬ ሙጭጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ፔዳሉም እግሬ ሥር ለሰለሰብኝ።

"ፍሬኑን አቃጠልሽው" አለ። "ማርሽ ቀንሺ።"

"አውቶማቲክ እኮ ናት፣ ምኑን ልቀንስ?"

"እኔ አውቶማቲክ ነድቼ አላውቅም። ግን ሞተሩ ካልያዛት ማን ሊይዛት ነው?"

የኛ ከተማ ሜዳ ነው። በታክሲ ዘመኔ ሁሉ ከ"ዲ" በታች ማርሽ አውርጄ አላውቅም፤ ከሥሩ ያሉት "2" እና "ኤል" ለጌጥ የተጻፉ ይመስሉኝ ነበር። ወደ "2" ጎተትኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ ቫኗ ተያዘች። ፍጥነቷ ሲበርድ ወደ "ኤል" አወረድኳት፤ ፍሬኑን ነካ ነካ ብቻ እያደረግኩ በሰው እርምጃ ወረድን። መቆሚያ ዳር እንኳ የለም።

አባዬ የሞተሩን ድምፅ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ወጣን። ኩርባው ላይ በፊት መስታወቱ የታየውን ያህል ለአፍታ አየሁ፤ ሸንተረር በሸንተረር ላይ ተደራርቦ፣ ደመናው ከኛ በታች ተኝቶ፣ በመሐሉ ወንዙ ሲያበራ። እግዚኦ፣ እኔ ሴትዮዋ ምን ያህል ትንሽ ነኝ! ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። ወዲያው ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

"አባዬ፣ እኔ ማየት አልችልም። ምን ይታይሃል?"

ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ይሄ ሁሉ እዚሁ ነበር እንዴ?" አለ።