የሌለ ቦይ

ልጅቱ ቦይ ውስጥ ብትወድቅ ማን ያወጣታል? ሽጌኖ ሩዝ ስታጥብም ልብስ ስታሰጣም ይህንኑ ትጠይቃለች። በጃፓኗ ከተማ በኦካያማ ቦዩ አጥርም ክዳንም ሳይኖረው፣ አፉን ከፍቶ፣ ከመንገዱ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ሰካራም ይወድቅበታል፤ ዓይኑ ደህና የሆነ ሽማግሌ እንኳ ከነብስክሌቱ ይገባበታል። የልጅ ልጇ ቺናሚ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ብርሃን አታይም። ሰኞ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለው፣ ቀጫጭን መርፌ ገላ ላይ በመትከል በሚታከምበት ቤት ሥራ ልትጀምር ነው፤ "ብቻዬን ነው የምሄደው፤ ማንም እንዳይከተለኝ" ብላ አስጠንቅቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ኩራሃሺ መጣ። የሰፈሩ የካርታ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ነገሩ ያልተተኮሰ ሰው። ለዓይነ ስውራን በጣት የሚነበብ ካርታ እንሠራለን እያለ ሲሰበሰብና ፎቶ ሲነሳ ነው የከረመው። ወረቀቱን እንደ ጥሎሽ በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ሽጌኖ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን አስኬደችበት። በጣት እንዲለይ ያላበጠ ነገር የለም፤ የቼሪ ዛፎቹ፣ የአደባባዩ ሐውልት፣ የኮክ መሸጫው ሱቅ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የማኅበሩ ዓርማ።

"ዓርማችሁ ከጣቢያው ይበልጣል" አለች።

"ለማስታወሻ ነው እማማ።"

"ቦዩስ?"

ኩራሃሺ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቦዩን ተነጋግረንበት ተውነው። ካርታ ሰውን ሊጋብዝ እንጂ ሊያስፈራራ አይገባም። የከተማዋም ስም አለ።"

"ስለዚህ ልጄ የኮኩን ሱቅ እየዳሰሰች ቦይ ትግባ? ስትሰምጥ የቼሪ አበባ ልትበትኑላት ነው?"

"እማማ ሽጌኖ፣ እርስዎ ደግሞ ነገር ያከራሉ።"

"እኔ ነገር አከራለሁ፤ አንተ ሰው ታሰምጣለህ። ለመሆኑ ይህን ስትሠሩ ዓይነ ስውር ጠይቃችኋል?"

"ለምረቃው ጋብዘናቸዋል።"

"አይ እናንተ! ለጭብጨባው ማለት ነው።"

ኩራሃሺ ፊቱ ቀላ። ከቦርሳው ገና ያላበጠ ቅጂና ጥቁር እስክሪብቶ አውጥቶ ገፋላት። "እንግዲያው ራስዎ ይሣሉት! ጥቁር የነካው ሁሉ በማሞቂያው ሲያልፍ ያብጣል። ማሞቂያው መኪናዬ ውስጥ ነው፤ እጠብቅዎታለሁ።" ይህን ብሎ ሻይዋን ይጠጣ ጀመር።

ሽጌኖ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። በሩዝ ማሳው ጥግ ያለውን ቦይ ሣለች፤ ጎረቤቷን አቶ ሙናካታን የዋጠው እሱ ነው። ከመቅደሱ ጀርባ የሚያልፈውንም ሣለች። ሁለቱም በቦታቸው ነበሩ። ከዚያ እስክሪብቶው የጣቢያው መንገድ ላይ ደረሰና ቆመ። እዚያ ቦይ የለም፤ የነበረው በሲሚንቶ ከተከደነ ቆይቷል። ግን በዚያ በኩል መኪና ይበዛል፣ ባቡር ያልፋል፣ ክፉ ሰውም አይጠፋም። ሽጌኖ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ወፍራም መስመር ጎተተች። ማለፊያ አልተወችለትም። ቺናሚ መንገድ ስታጣ "አያቴ፣ አድርሺኝ" ትላለች፤ እሷም ክንዷን ይዛ ታደርሳታለች። ታዲያ ይህ ምን ክፋት አለው?

ኩራሃሺ መስመሩን አየ፤ እውነት መሰለው። ሊቀ መንበር ሆኖ ሰፈሩን በመኪና መስኮት እንጂ በእግሩ አያውቀውም። ወረቀቱን በማሞቂያው አሳለፈ፤ አብጦ ሲወጣ እጅ ነስቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ቺናሚ ከፎቅ ወረደች። ሽጌኖ ኩራሃሺ የተወውን ቦይ በእጇ እንደጨመረች ነገረቻት። ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በሁለት እጇ ታነበው ጀመር።

"ይሄ የኮክ ሱቁ ነው። ይሄ ጥግ ላይ የተቆለለውስ ምንድን ነው?"

"የኩራሃሺ ጭንቅላት ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ አበጠ።"

ሁለቱም ሳቁ። የቺናሚ ጣት ግን እየሄደ ወፍራሙ መስመር ላይ ሲደርስ ሳቋ ቀረ።

"አያቴ፣ የጣቢያው መንገድ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ቦይ ነዋ።"

"ሰፊ ነው?"

"በሬ ይውጣል።"

"ድልድይስ?"

"የለውም ልጄ። ግዴለም፣ እኔ አደርስሻለሁ።"

ቺናሚ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም። "ትናንት ከበትር አረማመድ አስተማሪዬ ጋር እዚህ በሬ የሚውጠው ቦይሽ መሀል ቆሜ ትኩስ የባቄላ ዳቦ በላሁ። ካልሲዬ እንኳ አልረጠበም።"

"ክዳኑ... ክዳኑ አርጅቷል። ቢደረመስስ?"

"ኩራሃሺ ያለውን ቦይ ደበቀ፤ አንቺ የሌለውን ቆፈርሽ።" ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። የከረመ ዓሣ አሽትታ ለነጋዴው እንደምትመልስ ሴት ነበር የምትናገረው። "እሱስ የጣቢያውን መንገድ በእግሩ አያውቀውም። አንቺ እያወቅሽ ነው።"

"ፈርቼ ነው!"

"መቼ ሳትፈሪ ቀርተሽ ታውቂያለሽ? በይ እንግዲህ፣ ደጃችንንም ቦይ አድርጊውና እረፊ።" ጣቷ ወደ ማሳው ጥግ ተሻገረ። "ይሄኛውስ? የውሃ ነው ወይስ የፍርሃትሽ?"

"እሱ እውነት ነው! በሟቹ ባሌ አፅም! ሙናካታን የበላው እሱ ነው!"

"የመቅደሱስ?"

"እሱም እውነት!"

"የጣቢያውም ቅድም እውነት ነበር እኮ።"

ሽጌኖ የምትምልበት ጠፋት። የቺናሚን እጅጌ ይዛ "ከማሳው በስተግራ ነው፣ አጥር የለውም፣ ሣሩ ያዘናጋል" ስትል ቃሏ ለራሷ ጆሮ እንኳ ያ ወፍራም መስመር ሆኖ ተሰማት። ቺናሚ እጅጌዋን አስለቀቀች። ካርታውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አሰረች፤ ነጩን በትሯን አነሳች።

"ቦዩ በግራ ነው ልጄ! በግራ!"

ቺናሚ ተንሸራታቹን በር ገፋችና በትሯን መሬቱ ላይ እያስነካች ወጣች።