በውብአለም ማሳ ላይ የተቆረቆረው ሰፈር

ገብሱ ታጭዶ ነዶው ከተነሣ በኋላ፣ ጥር ሲጋመስ፣ ገመድ የያዙ ሰዎች ውብአለም ማሳ ውስጥ ገቡ። ውብአለም ባሏ ከሞተ ወዲህ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለው ጎጆዋ ብቻዋን የምትኖር፣ ጠጉሯ ሽበት የጀመረው ሴት ነበረች። ልጅ አልወለደችም። ማሳው ከአባቷ የወረደ ርስቷ ነበር፤ የባሏ ታናሽ ወንድም ፈንታሁን በእኩል እያረሰላት ከዓመት ዓመት ትደርስ ነበር። ሰዎቹ ገመዳቸውን ከወንዙ አንሥተው እስከ ደጇ ሲዘረጉ ብታይ ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች።

የሰዎቹ አለቃ ረጅም፣ ድምፁ የለዘበ ሰው ነበር። አዛዥ ዘውዱ እንደሚባል ነገራትና እጅ ነሣት።

«አይደንግጡ እሜቴ» አላት። «ለእርስዎም መልካም ነገር ነው የመጣው።»

«ምኑ ነው መልካሙ ጌታዬ?»

«ሰፈር ልንቆረቁር ነው። ጋፋት ብረት የሚያቀልጡት፣ ከሰል የሚያከስሉት፣ ድንጋይ የሚፈነቅሉት ሁሉ ማደሪያ የላቸውም። ገሚሱ ዋሻ ያድራል፤ ገሚሱ በሰው በረት ከከብት ጋራ ይተኛል። እንግዲህ ለያንዳንዱ ጎጆ ይሠራለታል። እንጨቱና ሣሩ ከንጉሥ፣ ጉልበቱ ከባለቤቱ። ድሃ ነኝ ብሎ የሚቀር የለም። ሥራውም አስቀድሞ ለአገሬው ይሁን ተብሏል።»

ውብአለም ነገሩ ጥሩ መስሎ ተሰማት። ዋሻ የሚያድሩትን አይታቸዋለች፤ ክረምት ላይ ሲያስሉ ከመንገዱ ይሰማል። «የት ነው የሚሠራው?» ብላ ጠየቀች።

«እዚሁ ነዋ።»

«እዚህ የኔ ማሳ ነው።»

«አዎን። ስለዚህ ለእርስዎም ቤት ይሰጥዎታል።»

«እኔ ቤት አለኝ እኮ። ያውና።»

አዛዥ ዘውዱ ወደ ጎጆው ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ገመዱን አየ። «እሱ እንኳ ይፈርሳል» አላት ቀስ ብሎ። «መንገዱ በዚያ በኩል ያልፋል።»

«ቤቴን አፍርሳችሁ፣ ማሳዬን ወስዳችሁ፣ ከዚያ ከማሳዬ ላይ ቤት ትሰጡኛላችሁ?»

«እንደዚያ ነው» አለ። የተናገረችው ልክ መሆኑን አይቶ፣ ግን ለምን ልክ እንዳልመሰለ እንዳልገባው ሰው ፊቱን ኮስተር አደረገ።

ውብአለም በቀጥታ ወደ ፈንታሁን ሄደች። ፈንታሁን ቀንበር እየጠረበ ነበር። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ቤቱን እንዳትቀበይ» አላት። «ከሰው እጅ ቤት የተቀበለ ሰው ጭሰኛ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ርስትሽን ብትጠይቂ፣ አንቺማ ሰፋሪ ነሽ ይሉሻል።»

«ባልቀበልስ የት ልደር?»

ፈንታሁን መጥረቢያውን መልሶ አነሣ። ከዚያ ለንስሐ አባቷ ለቄስ ገብረየሱስ ነገረቻቸው። እሳቸው ደግሞ መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ «የንጉሥ ቃል ነው ልጄ፣ የሰጡሽን ተቀበይ፤ አልቀበልም ማለት ነው ርስት የሚያሳጣ» አሏት። እየተመለሰች መንገድ ላይ ሁለቱን ነገር ብታነጻጽር ሁለቱም እውነት መሰላት። ስትቀበልም ርስቷ ይሄዳል፣ ሳትቀበልም ርስቷ ይሄዳል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው ብላ ብታስብ ብታስብ ራሷን አመማት።

በማግስቱ ገመዱ ቦታ ቀይሮ አገኘችው። መንገዱ በጎጆዋ ሳይሆን በጎጆዋና በአውድማዋ መካከል ያልፍ ጀመር። አዛዥ ዘውዱ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ በበትር መሬቱን ይጭራል። ዕድሜውን ሁሉ የኖረው በዘመቻ ነበር፤ የሚያውቀው አሰፋፈር ድንኳን መትከል ብቻ ነበርና ሰፈሩንም በዚያው መልክ ነደፈው። ቀኙ ለብረት ሠሪዎች፣ ግራው ለእንጨት ሠሪዎች፣ ከፊት ከሰል አክሳዮች፣ ከኋላ ደግሞ እህል ፈጪና ጠማቂ ሴቶች።

«መሀሉስ?» አለች ውብአለም። መሀሉ አውድማዋ ነበር።

«መሀሉ ባዶ ይሆናል። ማንም አይሠራበትም።»

«ለምን?»

«በሰፈር መሀል የንጉሥ ድንኳን ነው የሚተከል።»

«ንጉሥ ሊመጡ ነው እንዴ እዚህ?»

«አይመጡም» አለ አዛዥ ዘውዱ። ጥቂት አሰበና፣ «ግን መሀል መኖር አለበት» አላት።

ስለዚህ አውድማዋ ዳነ። ማሳው አለቀ፤ ጎጆዋም ከረድፎቹ በአንዱ መሥመር ላይ ወድቋልና መፍረሱ አልቀረለትም።

ጎጆ መመደብ ሲጀመር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሰዎች ከእብናት በኩል ሳይቀር መጥተው፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተኮልኩለው ተራ ይጠብቃሉ። ውብአለም ተራዋ ሲደርስ የአዛዡ ረዳት፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አላት።

«ሥራ የለኝም፤ ባለማሳዋ ነኝ።»

«ቤት የሚሰጠው ሥራ ላለው ብቻ ነው።»

ወደ ጋፋት ወጥታ ሥራ ስትጠይቅ፣ አሠሪው፣ «የት ነው የምታድሪ?» አላት። «ጎጆዬ ሊፈርስ ነው፤ አዲሱን ገና አልሰጡኝም» ብትለው፣ «እንግዲያ ሥራ የሚሰጠው ሰፈር ለገባ ነውና ስትገቢ ተመለሺ» ብሎ አሰናበታት። ወርዳ ይህን ለረዳቱ ነገረችው። ረዳቱም፣ «እሱ ልክ ነው» አላት። «እኔም ልክ ነኝ።»

ውብአለም ዋርካው ሥር ተቀመጠችና ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዋ መጣ፤ የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም። በመጨረሻ አዛዥ ዘውዱ ራሱ እጇን ይዞ ጋፋት አወጣትና የቀለጠው ብረት ለሚፈስበት ቅርጽ የሚሆነውን ጭቃ ከሚያቦኩት ሴቶች ጋራ አስገባት። ከጭድና ከፍየል ጠጉር ጋር ጭቃውን በእግራቸው ይረግጣሉ፤ ወንዶቹ ተሸክመው ወደ ማቅለጫው ይወስዱታል። ከዚያ የሚወጣው ምን እንደሚመስል ውብአለም አላየችም፤ ማታ ማታ ቀለቧ፣ ገብሱና ሽምብራው፣ በቁና ተሰፍሮላት ትመለሳለች።

አሮጌው ፈርሶ የደረሳት ጎጆ በቀኝ በኩል፣ ከብረት ሠሪዎቹ ጋራ ነበር። ለምን እዚያ እንደተመደበች የነገራት የለም። ጎረቤቷ ጥበቡ የሚባል ቀጥቃጭ ከሚስቱ ከዘነበች ጋራ ገባ። በዚያ አገር ቀጥቃጭ ሰውን በዓይኑ ይበላል ይባል ነበርና፣ የውብአለም እናት በልጅነቷ የቀጥቃጭ ደጅ ሲያልፉ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናት ነበር። አሁን በሁለቱ ጎጆ መካከል ያለው ሰው አግድም የማይተኛበት ክፍተት ነው። ውብአለም እርጎዋን ከአልጋ ሥር ደበቀች፤ ስትበላ በሯን ዘጋች።

ዘነበች ይህን አላጣችውም። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱም ከወንዝ ውሃ ቀድተው ሲወጡ፣ «እሜቴ፣ ይፈሩኛል?» ብላ ጠየቀቻት።

ውብአለም እንስራዋን አስተካከለች። «አላውቅም» አለቻት። እውነቷን ነበር።

«ሲያውቁ ይንገሩኝ እንግዲህ» አለች ዘነበች፤ ቁጣ አልነበረባትም። «እኔም እርስዎን መፍራት ስተው እነግርዎታለሁ። ማሳዋን የነጠቅናት ሴት ትረግመናለች ብዬ ስፈራ ነው የሰነበትሁ።»

«ማሳዬን የነጠቅሽኝ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ነው?»

ይህንንም ውብአለም አላወቀችም። አዛዥ ዘውዱ እንዳትል ከሁሉ ይልቅ የተጨነቀላት እሱ ነው። ዋሻ ያድሩ የነበሩት እንዳትል ምን አደረጉ። የዚያን ዕለት የጎጆዋ ምሰሶ ዘመመና ጥበቡ ሳትጠራው መጥቶ አቃናላት። እርጎ አቀረበችለት። እስኪጠጣ ድረስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆመች፤ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ መርቋት ሄደ። ምንም አልሆነችም። በማግስቱ የእርጎውን ዕቃ ከአልጋው ሥር አወጣችው።

ክረምቱ ገባ፤ ጎረቤት አገሩ ሁሉ ሲዘራ እሷ የሚዘራበት መሬት አጣች። ጎጆዎቹ ሣር ለብሰው፣ ጭሳቸው ዝናቡ ውስጥ ተኝቶ፣ ሕፃናት በመካከላቸው ይሯሯጡ ነበር። ፈንታሁን ሊጠይቃት እየመጣ፣ «ምን ይሰማሻል እትዬ?» ይላታል። ምን ብላ ትመልስ? አምና ይህን ጊዜ ከጎተራዋ የቀረውን እየቆጠበች በቀን አንዴ ነበር የምትበላ። ዘንድሮ ቀለብ አላት፤ ሲያማት የምትጠራው ሰው አላት። ግን ጠዋት ከቤት ወጥታ ዓይኗን ስታነሣ ገብስ በነበረበት ሁሉ ክዳን ነው፤ የሆነ ነገሯ የጠፋባት ይመስላትና መፈለግ ይቃጣታል።

«ተበድዬ ይሆን?» አለችው አንድ ቀን።

«ተበድለሻል እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልከፋኝም?» ብላ ስትጠይቀው ፈንታሁን ራሱን ነቀነቀ።

እንዲህ እንዳለ ዓመት ዞሮ ሌላም ተጨመረ። ከዚያም በጥቅምት የንጉሥ ሠራዊት ለሩቅ ዘመቻ ከደብረ ታቦር ይነሣ ተባለ። በጋፋት የተሠራው ትልቅ መድፍ በሠረገላ ተጭኖ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ሊጎትተው ታዘዘ። ከሰፈሩ ወንድ አልቀረም። ጥበቡ መዶሻውን በቆዳ ጠቅልሎ ከሚስቱ ጋር ተሳስሞ ሄደ። ማቅለጫው እሳቱ ጠፋ፤ ቀለብ የሚሰፍረው ሰው አልተመለሰም።

አዛዥ ዘውዱ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሰፈሩ መጣ። ከስቷል። ከበቅሎው ሳይወርድ፣ «እሜቴ፣ አንዱ መልእክተኛ ሰፈሩን አቃጥለህ ተነሣ ይለኛል» አላት። «ሌላው ደግሞ አንዳች እንዳትነካ ይለኛል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ነው የመጡት። ምን ይሻላል ይላሉ?»

ውብአለም ቀና ብላ አየችው። ሕዝቡን ሁሉ ያስቀመጠ ሰው፣ ገመዱን ሲዘረጋ ያልጠየቃትን፣ አሁን ይጠይቃታል። «እኔ ምን አውቄ ጌታዬ» አለችው። ከዚያ፣ «ሴቶቹ ግን ውስጥ ናቸው» አለች።

እሱም ቤቶቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆይቶ በቅሎውን አዞረ። ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

ወንዶቹም አልመጡም። አንዳንዶቹ ሴቶች ወደየዘመዳቸው ሄዱ፤ ባዶ ጎጆዎቹም እየዘመሙ ወደቁ። ዘነበች ግን የምትሄድበት አልነበራትም፤ ሌሎችም ጥቂት እንደሷ ቀሩ። በጋው ወጥቶ ዝናቡ ሲጠጋ፣ ፈንታሁን በሬዎቹን ጠምዶ መጣ።

«በይ እትዬ፣ ርስትሽ ተመለሰ» አላት። ደስ ብሎት ነበር። «እነዚህን ጎጆዎች እናንሣና እንረስ።»

ዘነበች ከደጇ ቆማ ሰማች። ወደ ውስጥ ገብታ ወናፉንና ቅሉን ታወጣ ጀመር፤ ሌላ ዕቃ የላትም። ውብአለም አየቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልለቅልዎ ነዋ። መሬቱ የእርስዎ ነው።»

«የት ትሄጃለሽ?»

«እንጃ።»

ውብአለም በሬዎቹን አየች፣ ጎጆዎቹን አየች። ይህ ማሳ ነው ወይስ ሰፈር? እሷስ ባለርስት ናት ወይስ ከሰፋሪዎቹ አንዷ? የሚነግራት ቢኖር ትሰማው ነበር። ግን ዘንድሮ የሚያዝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያያት እሷን ነው። ወናፉን ከዘነበች እጅ ተቀብላ መልሳ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ዙሪያውን እረስ» አለችው ፈንታሁንን።

«በቤት መካከል?»

«በቤት መካከል። ያደገውን አብረን እናጭዳለን፤ ሲደርስ ድርሻውን እንነጋገራለን።»

«እንዲህ ያለ እርሻ የት ታይቶ ያውቃል?»

«አላውቅም» አለችው። «እረስ ብቻ።»

ፈንታሁን እያጉረመረመ ማረሻውን ሰካ። ትልሙ ቀጥ ብሎ መሄድ አልቻለም፤ የአንዱን ጓሮ ዞሮ፣ የሌላውን ደጅ ሸሽቶ፣ እየተጠማዘዘ ሄደ። ሴቶቹ ወጥተው የወደቀውን ሣርና እንጨት ከፊቱ ያነሡለት ነበር። የዘነበች ደጅ ላይ ሲደርስ በሬዎቹን አቆመና፣ «በየት በኩል ልለፍ?» ብሎ ጠየቀ።

ዘነበች በቀኝ አለችው። ውብአለም በዚያው አፍታ በግራ አለችው። ፈንታሁን ጅራፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ እርፉን ተደግፎ ቆመ።