የመመለስ ካርዶች

እህቴ ቢሮዬ ድረስ ትመጣለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እናታችን ካረፈች ሰባት ወር ሆኗል፤ ለቀብሯም አልደረስኩም። «ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው» ብዬ ዋሽቻታለሁ። እሷም አመነችኝ። ታላቅ ወንድሟ እንደሚዋሻት በምን ትጠርጥር?

«ጋሼ፣ እስቲ ይኼን ከእኛ የነጠቀህን ሥራ አሳየኝ» አለችኝ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

ሥራዬ መዝገበ ቃላት ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ይዤ የአማርኛ አቻዎቹን እለቅማለሁ፤ ለእያንዳንዱም ምሳሌ እፈልጋለሁ። አለቃችን ምሳሌ ፈጥሮ መጻፍን አይወድም። «ሰው ያልተናገረው ምሳሌ በድን ነው» ይላል። ስለዚህ ከጋዜጣ፣ ከማመልከቻ፣ ከደብዳቤ እየቆረጥን ካርድ ላይ እንለጥፋለን፤ ከሥሩም ያነበብንበትን ቀን እንጽፋለን። ቀን የሌለው ካርድ አለቃ ፊት አይቀርብም።

«ሪተርን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የደረሰው ለእኔ ነበር። «ተመለሰ» ብዬ የምገላገለው መስሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴ! ከሥራ ውሎ ቤቱ የተመለሰ ሰው «ገባ» ነው የሚባለው። ከሩቅ አገር የተመለሰው «መጣ»፣ ማንም ሳያስበው የመጣው «ከች አለ»፣ አላርፍ ብሎ የሚሄድ የሚመጣው ደግሞ «ተመላለሰ» ይባላል። ጋዜጦቹ እንደሆኑ ባለሥልጣን ከጉብኝት ሲመለስ እንጂ ሌላ ሰው ሲመለስ አይጽፉም። ቢቸግረኝ የእህቴን ደብዳቤዎች ከቤት አመጣሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጽፋልኛለች፤ እኔ የመለስኩላት በጣት የሚቆጠር ነው። እሷ ዘንድ የመመለስ ዓይነት ሁሉ ሞልቷል። በመቀስ ቆራረጥኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትንም እንዲሁ። ማፈሩንስ ትንሽ አፍሬ ነበር፤ ደስታዬ ግን ይበልጥ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አለቃችን እንግዳ ይወዳል። እህቴ መሆኗን ሲሰማ እጇን ይዞ ወደ ካርዶቹ መሳቢያ ወሰዳት።

«ወንድምሽ እንደዚህ ቃል አሳምሮ የሠራው የለም!» አለና «ሪተርን» የሚለውን መሳቢያ ሳበው።

«ይተዉት አለቃ፣ መንገድ አድክሟታል» አልኩ። ማን ሰምቶኝ!

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት። ይቺን ያዋጣሁት እኔ ነኝ፤ ከአባቴ አፍ የሰማኋት ናት» ብሎ ሳቀ።

እህቴ ካርዶቹን አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። የገዛ እጅ ጽሕፈቷን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች። «እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር መጣ ትላለች» ይላል አንዱ። «ለክረምት ትገባለህ ብለን አልጋህን አነጠፍን» ይላል ሌላው። ፈገግታዋ እየቀነሰ ሄደ። አምስተኛው ካርድ ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ።

«በዚህ ወር ካልተመለስክ አታገኛትም።»

ከሥሩ በእኔ ቀይ ብዕር «የተነበበበት» ተብሎ ቀኑ ተጽፏል። እናታችን ከማረፏ ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት ነው። ቤታችን ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

አለቃችን ምንም አልገባውም። «ይቺ ደግሞ አቤት ስታምር! ዛቻም አላት፣ ልመናም አላት» አለ።

እህቴ ካርዱን ወደ እኔ አዞረችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ያነበብክ ቀን ምን አደረግህ?»

ሌላ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማተሚያ ቤቱ አጣድፎን ነበር፣ አለቃ ፈቃድ ከለከለኝ፣ አሞኝ ነበር። ዓይኗን ሳየው አንዱም አልወጣ አለኝ።

«ካርዱን ሞላሁ» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰዓቱ ደረሰ» አልኩ፤ «ምሳ በላሁ።»