ወደ ቀኝ የምታደላው ባዝራ

ከቲሳ ወንዝ ማዶ ባለችው ከተማ ሁሳር የሚባለው ፈረሰኛ ወታደር ያልሆነ ወንድ ካለ ወይ ቄሱ ነው ወይ ቋሊማ ሠሪው ጉላቺ ነው ይባል ነበር። ጉላቺም ቢሆን ወዶ አይደለም፤ በጎረምሳነቱም እንዲሁ ሰፊ ስለነበር እሱን ችሎ የሚቆም ፈረስ ጠፍቶ ነው። የቀረው ወንድ ሁሉ በአባቱም በአያቱም ፈረሰኛ ነበር።

ሃምሳ አለቃ አምብሩሽ ያደገው ያንን ዘመን እያየ ነው። በገበያ ቀን ሬጅመንቱ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ሰማያዊው ካፖርት ግራ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ፣ ወርቃማው ገመድ ደረት ላይ ተጠላልፎ፣ መለከቱ ሲነፋ ሴቱ መስኮት ይከፍታል፣ ነጋዴው የያዘውን ሚዛን ይረሳል። በፈረንጆቹ አሥራ አራት በተነሣው የዓለም ጦርነት ያንኑ ልብስ ለብሰው ጋሊሺያ ግንባር ዘመቱ። መትረየስ ለጌጥ ደንታ የለውምና ግማሹ እዚያው ቀረ። አምብሩሽም ዕድሜው ደርሶ ተከትሎ ዘመተ፤ ግራ ጉልበቱን ተመትቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ልብሱ አፈር መሰለ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ካፖርቱ ሙዚየም ገባ። ፈረሱ ግን ነበረ። ፈረስ እስካለ ድረስ ሁሳር አለ ብሎ ያምን ነበር። ሞኝ ነው እንዳንለው እኛም ሁላችን እንደዚያው እናምን ነበር።

በፈረንጆቹ አርባ ሁለት ዓመት፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ ትእዛዝ መጣ። የሬጅመንቱ ግማሽ ታንክ ይረከባል፣ ግማሹ ከነፈረሱ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል ይላል። ስማችሁ ሁሳር እንደሆነ ይቀጥላል የሚልም ነበረበት፤ የእንጀራ ልጅን ቂጣ ሰጥቶ እንደማባበል ያለ ነገር ነው። አምብሩሽ ታንክ ደረሰው። ታንክ የደረሳቸው ሰዎች ፈረሶች ደግሞ ይመረመራሉ፤ ደህና ደህናዎቹ ለሚዛወሩት ይሰጣሉ፣ ያረጁት፣ የታመሙትና እልኸኞቹ ለጉላቺ ይሸጣሉ። ጉላቺ ፈረስ ገዝቶ ምን እንደሚያደርግበት ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

የአምብሩሽ ፈረስ ቻላን የምትባል ዳማ ባዝራ ነች። ቻላን ማለት ሳማ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣላት በመጀመሪያው ቀን የነከሰችው ሰው ነው። እግሯ ብረት ነው፣ ሳንባዋ ወናፍ ነው፣ ዕድሜዋም ገና አልገፋም። አንዲት ጉድለት ብቻ አለችባት፦ ሰው ሲቀመጥባት ወደ ቀኝ ታደላለች። በሰልፍ ላይ ቀኝ ጎረቤቷን እየገፋች እየገፋች አጥር ታስይዘዋለች። አምብሩሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልጓም ወደ ግራ ሲመልሳት፣ ሲቆጣት፣ አንዳንዴም ሲመታት ኖሯል። ወታደር ክበብ ውስጥ ግን የፓሊንካ አረቄ መለኪያውን ጨበጥ አድርጎ፣ «እልኸኛ ናት! ከኔ በቀር ማንም አይችላትም!» እያለ አፉን ሞልቶ ይኩራራባት ነበር። እውነትም ሌላ ሰው አስቀምጦባት አያውቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ ቃሉ የሬጅመንቱ ሁሉ ቃል ሆነ፤ ቻላን ሲባል እልኸኛዋ፣ እልኸኛዋ ሲባል ቻላን።

ትእዛዙ የተነበበ ቀን የፈረስ ጫማ መቺው ባርናባሽ ጋጣ ድረስ መጣ። የልብ ጓደኛው ነው፤ ምላሱ ግን ከመዶሻው ይከብዳል።

«ሰማህ አይደል? እልኸኛ የተባለ ሁሉ ለጉላቺ ነው» አለው።

«ቻላን እልኸኛ አይደለችም።»

«እንዴ! ታዲያ ዘጠኝ ዓመት በሷ እልኸኝነት ጆሮዬን ያደነቆርከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ! ነገ ኮሎኔሉ ፊት ሜዳው ላይ በተሰመረው የኖራ መስመር ስትጋልባት እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ ጥላው ትሄዳለች፤ ያኔ ጨዋታህን ለጉላቺ ትነግረዋለህ።»

አምብሩሽ ወደ ቻላን ዞረ። ባዝራዋ አንገቷን አስግጋ የኮቱን ኪስ ታሸታለች፤ ካሮት የሚይዝላት እዚያ ነው። ልጅ አልወለደም፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ጠዋት ሲገባ ድምፁን ሰምታ የምታሽካካለት እሷ ብቻ ናት።

የታንኩ ትምህርት የተጀመረው በዚያው ቀን ነው። አስተማሪው ከቡዳፔሽት የመጣ ቀጭን ሻምበል ነው፤ ፈረስ የሚያውቀው በሐውልት ላይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ጩኸቱ ሰው ስለማያሰማ፣ የታንኩ አዛዥ ከላይ ሆኖ ቡትስ ጫማውን ከታች በተቀመጠው ነጂ ትከሻ ላይ ያሳርፋል። «ግራ ትከሻ ከተጫናችሁ ነጂው ወደ ግራ ይዞራል፣ ቀኝ ከተጫናችሁ ወደ ቀኝ። ሕፃን ልጅ ይገባዋል» አላቸው።

ሕፃን ልጅ ይገባው ይሆናል፤ ሁሳር ግን አይገባውም። ሁሳር በግራ እግሩ ሲጫን ፈረሱ ከእግሩ ሸሽቶ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ይህን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተምሮታል፤ ከአጥንቱ ውስጥ ማን ያወጣዋል? የመጀመሪያው ታንክ ግራ ትከሻው ተነክቶ ወደ ቀኝ ሄደ። ሁለተኛውም ወደ ቀኝ። ሦስተኛው ቀኙን ተነክቶ ወደ ግራ መጣና ከሁለተኛው ጋር ግንባር ለግንባር ተሳሳሙ። አንዱ ነጂ ፍሬኑን መርገጥ ትቶ ሁለቱን መሪ ዘንጎች እንደ ልጓም ወደ ደረቱ እየሳበ «ሆ! ሆ!» ሲል የማገዶውን ክምር ጣሰው። ሻምበሉ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረ።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ግራና ቀኝ አታውቁም?»

ባርናባሽ ከታንኩ ሆድ ውስጥ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ሻምበል፣ ግራ ጎኑን ሲጫኑት ፈረስ የሚሄደው ወደ ቀኝ ነው እኮ።»

«አንተ ፈረስ ነህ?»

«ዛሬ ጠዋት ነጂ ሆኜ ከተሾምኩ ወዲህ፣ አዎን።»

ሬጅመንቱ በሳቅ ፈረሰ። ሻምበሉ እስከ ምሳ ታገለ፤ ከምሳ በኋላ ተሸነፈ። «እሺ፣ እንደ ፈረሳችሁ ይሁን! ግራ ሲጫኑህ ወደ ቀኝ፣ ቀኝ ሲጫኑህ ወደ ግራ!» አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ታንኮቹ ቀጥ ብለው ይሄዱ ጀመር። ወታደሮቹም ደስ ብሏቸው የፈረሶቻቸውን ስም በብረቱ ላይ በጠመኔ ጻፉበት።

ከአንዱ በቀር። አምብሩሽ አዛዥ፣ ባርናባሽ ነጂ የሆኑበት ታንክ በሜዳው መሐል ቀጥ ብሎ ይነሣና ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ያደላል። ሁለት ጊዜ መለሱት። በሦስተኛው የወጥ ቤቱን ጥቅል ጎመን መደብ ዳር እስከ ዳር ዳምጦት ቆመ። ወጥ ቤቱ ጭልፋውን እንደያዘ እየተሳደበ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ!» አለ አምብሩሽ ወርዶ። «ቀጥ አድርገህ መንዳት አቃተህ?»

«እኔ?» ባርናባሽ ዘይትና ላብ ተለውሶ ወጣ። ሸሚዙን ከትከሻው ላይ ገፈፈና ጀርባውን ሰጠው። ቀኙ ንጹሕ ነው። ግራው በልዞ ጠቁሯል። «እየው! ያ የተመታ ጉልበትህ አይታጠፍም፤ ግራ እግርህ ከትከሻዬ ላይ ለአፍታ አልተነሣም። ‹ወደ ቀኝ ሂድ፣ ወደ ቀኝ ሂድ› እያልክ ትጫነኛለህ፣ ስሄድልህ ደግሞ ትሰድበኛለህ። ምን ዓይነት ጋላቢ ነህ እባክህ? አፍ ያለኝ ፈረስ ሆኜ ነው እንጂ...»

ይህን ብሎ በራሱ ቃል ደነገጠ። ሁለቱም ጋጣው ወዳለበት ዞረው አዩ።

አምብሩሽ የቀረውን ቀን ጋጣው ደጃፍ በርሜል ላይ ተቀምጦ ግራ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይገተርበታል። ዘጠኝ ዓመት በግራ እግሩ ሂጂ ሲላት፣ በልጓሙ ደግሞ ለምን ሄድሽ ሲላት ኖሯል። እሷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። መመታቷ ትዝ ባለው ቁጥር ፊቱ ይቃጠላል። እንዲያው ለቻላን ብቻ ቢሆን ባልከበደው፤ ግማሹን ሬጅመንት ኮርቻ ላይ አቀማመጥ ያስተማረው እሱ ነው። ስንቱን ጎረምሳ በሰው ፊት አዋርዶ አስለቅሷል! አቀማመጡ ጠማማ ነበር ከተባለ ምን ስም ይተርፈዋል? ደግሞም ደህና ናት ከተባለች የሚዛወሩት ይወስዷታል፤ እሱ እንደሆነ በየትኛውም መንገድ አያገኛትም። ዝም ቢልስ? ዝም ካለ ስሙ ይተርፋል፣ እሷ ትታረዳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮሎኔሉ ጠረጴዛ አስወጥቶ ሰልፍ ሜዳው ዳር ተቀመጠ። ሽማግሌ ነው፣ ጋሊሺያን ከአምብሩሽ ጋር ያየ። ጉላቺም ጥቁር ባርኔጣውን አድርጎ ከኋላ ቆሟል። እያንዳንዱ ጋላቢ በኖራው መስመር ላይ በሶምሶማ እስከ በሩ ሄዶ ይመለሳል።

አምብሩሽ ተቀመጠባት። ግራ እግሩን ከጎኗ ለማራቅ ጥርሱን ነክሶ ታገለ። ጉልበቱ ግን የራሱ ጌታ ነው፤ ሶምሶማው እንደጀመረ ሄዶ ተለጠፈባት። ቻላን እንደ ልማዷ ኖራውን ትታ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ያቺው እልኸኛዋ» አለ ኮሎኔሉ እያዘነ። «ያሳዝናል። ለጉላቺ።»

አምብሩሽ ወረደ። ልጓሟን ይዞ ቆመ እንጂ አልሄደም።

«ጌታዬ፣ እልኸኛ አይደለችም። ጠማማው እኔ ነኝ።»

«ምን አልክ?»

«ግራ ጉልበቴ አይታጠፍም። ሳላውቀው ስጫናት ነው የኖርኩት። የምትሄደው እኔ ሂጂ ስላልኳት ነው።»

ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ኮሎኔሉ መነጽሩን አወለቀ። «አምብሩሽ፣ አንተ እኮ የዚህ ሬጅመንት የግልቢያ አስተማሪ ነህ።»

«አዎን ጌታዬ። ተማሪዎቼ የነገርኳቸውን ሰምተው፣ የማደርገውን ባለማየታቸው ነው የተረፉት።» ልጓሟን ወደ ኮሎኔሉ ዘረጋ። «ሌላ ሰው አስቀምጡባትና እዩ። ቀጥ ብላ ካልሄደች ጉላቺ ይውሰዳት፤ እኔንም ጨምሮ።»

ኮሎኔሉ ከሚዛወሩት መሐል መቶ አለቃ ሲላርድን ጠራ። ሲላርድን ዕጩ መኮንን ሳለ አምብሩሽ «የድንች ከረጢት» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ወጣቱ መጥቶ ልጓሙን ሲቀበል አምብሩሽ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ምን ልጠንቀቅ፣ ሃምሳ አለቃ?» አለው ሲላርድ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምንም። ብቻ በእግርዎ ቀስ ይበሉ። ጆሮዋ ደህና ነው፣ ትሰማለች።»

ሲላርድ ተቀመጠ። ቻላን ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ የምታውቀውን ግፊት ጠበቀች። አልመጣም። ጥቂት እርምጃ ተደናበረች፣ ጎኗን አወዛወዘች፣ ዞራ ወደ አምብሩሽ አየች። ከዚያ ሰውነቷ ተፍታታ። አንገቷን ዘርግታ፣ ጅራቷን ከፍ አድርጋ፣ ኖራውን በኮቴዎቿ መሐል አድርጋ እስከ በሩ ሄደች፤ ያንኑ ይዛ ተመለሰች። በሜዳው ሙሉ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አምብሩሽ እንደዚህ ያለ ሶምሶማ ከልጅነቱ ወዲህ አላየም ነበር፤ ይሄ ሁሉ ውስጧ እንዳለ አላወቀም።

«ለመቶ አለቃ ሲላርድ» አለ ኮሎኔሉ። ጉላቺ ባርኔጣውን አነሣና ለባዝራዋ ሰላምታ ሰጣት፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

የሚዛወሩት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ባቡር ጣቢያው ወጡ። ከተማው ሁሉ ደጅ ወጥቷል፤ መለከቱ ሲነፋ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ መስኮት ከፈቱ። ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚያ መንገድ ፈረሰኛ ሲያልፍ የመጨረሻው ነው። ሲላርድ ከሰልፉ ወጥቶ አምብሩሽ አጠገብ ደረሰና ከኮርቻው ወረደ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እስከ ጣቢያው እርስዎ ይቀመጡባት። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

አምብሩሽ እጁን ወደ ኮርቻው ሰደደ። ይህን ያህል የፈለገው ነገር በዕድሜው አልነበረም። ግራ እግሩን ወደ እርካቡ አነሣ፤ ከዚያ መልሶ መሬት ላይ አሳረፈው።

«አይሆንም» አለ። «ገና ዛሬ ነው ከእግሬ ያረፈችው።»

ግንባሯን በመዳፉ ዳበሳት፣ ካሮቷን ሰጣት። ሲላርድ ኮርቻው ላይ ወጣ፣ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ። ባርናባሽ መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ቻላን በዋናው መንገድ በረድፏ ውስጥ ቀጥ ብላ ሄደች፤ አቧራው እስኪውጣት ድረስ አንድ ጊዜም ወደ ቀኝ አላለችም። አምብሩሽ ደስ አለው። ደስ እያለው፣ ከተማው ሁሉ እያየው፣ ቆሞ አለቀሰ።