የማኩዌይ እግርና የእናቴ ማሰሮ

ባሌ ቄስ አቴም እሑድ እሑድ ሕዝቡን ያናዝዛል። በእኛ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ኑዛዜ በኅብረት ነው። መጽሐፉ ይገለጣል፣ ሁላችንም ተንበርክከን በአንድ ድምፅ በድለናል እንላለን፣ ከዚያ ተነሥተን ከበሮ እንመታለን። ደስ ይላል። ግን አራት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ብሰማ፣ ድስት የሚል ቃል ከዚያ መጽሐፍ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ሞልቶ መንደራችንን የዋጠ ጊዜ፣ ታንኳው ላይ የቀረው ቦታ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል። በአንድ በኩል ሦስት ድስቶቼና እናቴ በእጇ የሠራችልኝ ትልቁ ማሰሮ፣ በሌላ በኩል ገና ጡት ያልጣለ ጥጃ። ባሌ ጥጃውን አቅፎ ገባ። "ድስት ይገዛል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ድስቱ ተገዛ። የእናቴ ማሰሮስ ከየት ይገዛል? እናቴ ሞታለች። እሱ ግን አጠፋሁ እንኳ አላለኝም።

ጥጃው አደገና ማኩዌይ የሚባል በሬ ሆነ። ሰውነቱ ጥቁር፣ ራሱ ነጭ፣ እንደ ዓሣ አዳኙ ንስር። በአገራችን በቦር እንዲህ ያለ በሬ ያለው ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይዘፍንለታል። ባሌም የልጅ ልጅ ያየ ቄስ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት በረት ገብቶ ሁለት እጁን እንደ ቀንድ ወደ ላይ ዘርግቶ ያዜማል። ስይዘው "ዳዊት እየደገምኩ ነው" ይለኛል። የትኛው መዝሙር ላይ ነው እጅ ቀንድ የሚሆነው? ለእኔ እንኳን አንድ ቀን አልዘፈነልኝም።

እንግዲህ ጳጳሱ እጃቸውን ጭነው ልጆችን በእምነት ሊያጸኑ ቅዳሜ ይመጣሉ ተባለ። ጳጳስ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በሬ ይታረዳል፣ እሳቸውም ተሻግረውት ይገባሉ። ባሌ ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ስለ መሥዋዕት ሰበከ። "ለእግዚአብሔር ነውር የሌለበት ይሰጣል፤ አንካሳ አይሰጥም፣ ዕውር አይሰጥም" እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጨነቀን።

ያር ተነሣች። ያር መዝሙር አውጪያችን ናት። እሷ ያወጣችውን መዝሙር ሰው በአንድ ቀን ይይዘዋል፣ የልጅ ልጆቻችንም ይዘምሩታል። ስለዚህ ከጳጳሱ ይልቅ የምትፈራው እሷ ናት።

"አባ" አለች፣ "በዚህ አጥቢያ ነውር የሌለበት በሬ አንድ ብቻ ነው።"

በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአፉ ይያዛል። ሁሉም ዞሮ ባሌን አየው። ውሃ ጠጣ። ደግሞ ጠጣ። "እሺ" አለ።

ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ሐሙስ ጠዋት ከበረት መጣና "ማኩዌይ ወድቆ እግሩ ተጎዳ" አለኝ። ሄጄ አየሁ። የፊት እግሩ በሰማያዊ ጨርቅ ተጠምጥሟል።

"ይኼ የእናቶች ማኅበር መቀነቴ አይደለም?"

"ሌላ ጨርቅ አጣሁ።"

"አንተ መቼ ነው ከእኔ ዕቃ ሌላ የምታጣው?"

ጎንበስ ብዬ ነካሁት። በሬውን እንዳያመው ብሎ ልል አድርጎ ነው ያሰረው። የታመመ እግር እንዲህ አይታሰርም። ለምን አላጋለጥሽውም ትሉኝ ይሆናል። አሳዘነኝ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ። በዚያ ሳምንት የባሌ ዓይን በውሃው ቀን፣ ጥጃውን ሲያቅፍ የነበረውን ዓይን ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ጳጳስ ንጎንግ መጡ። ግዙፍ ሰው ናቸው። ሴቶቹ መስቀሎቻቸውን አነሡ፣ ከበሮው ተመታ። ደጃፉ ላይ አጥንቱ የሚቆጠር አንድ ሽማግሌ በሬ ቆሟል።

"ያ ነጭ ራሱ የታለ?" አሉ ጳጳሱ። "ከተማ ድረስ ወሬው ደርሶኛል።"

"እግሩን ታሟል፣ አባታችን" አለ ባሌ መሬት መሬቱን እያየ።

"ታዲያ አምጣዋ፣ ልጸልይለት።"

በሬው ሰው ሲያይ ደነገጠ። ባሌ ገመዱን ቢስበው አልንቀሳቀስ አለ። ማኩዌይን የሚያስኬደው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ እኔም በሬውም እናውቃለን። ባሌም ጨነቀውና ቀስ ብሎ፣ በአፍንጫው ውስጥ፣ ዘፈኑን ጀመረለት። በሬው አንድ እርምጃ ተራመደ። ባሌ ድምፁን ጨመረ። ከዚያ ረሳው። ጳጳሱንም ረሳ፣ እኛንም ረሳ፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ዘፈኑን ለቀቀው። ማኩዌይ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ቃጭሉን እያንቃጨለ፣ እንደ ሙሽራ ተከተለው። መቀነቴ ተንሸራቶ ከሰኮናው ወጣና አቧራው ላይ ቀረ።

 የያር ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ምን እየሠራች እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ጳጳሱ ወደ እኔ ዞሩ። "እናታችን አዬን፣ የታመመው የትኛው እግሩ ነው?"

 እውነቱን ብናገር ባሌን በሕዝብ ፊት ማዋረዴ ነው። ብዋሽ የማኅበር ልብሴን ለብሼ ለጳጳስ መዋሸቴ ነው። መልስ ስፈልግ ባሌ ጎንበስ ብሎ መቀነቴን አነሣ።

"እሷን አይጠይቋት" አለ። "በሬው ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው እኔ ጋ ነው።"

ተንበረከከ። የመጽሐፉን ኑዛዜ ይጀምራል ብዬ ከንፈሬን አዘጋጀሁ። እሱ ግን "ዋሽቻለሁ" አለ፣ "በሚስቴ መቀነት ዋሽቻለሁ።"

"ሌላስ አለ?" አሉ ጳጳሱ።

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። "በውሃው ጊዜ ድስቶቿን ጥዬ ይህን ጥጃ ጫንኩ። የእናቷን ማሰሮ ጭምር። ስታለቅስ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። አዬን፣ ይቅር በይኝ።"

አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር መጣ። "ተነሥ፣ ልብስህ ቆሸሸ" አልኩት። እንባዬ ይወርዳል።

እሱ ግን አልተነሣም። የማኩዌይን ገመድ በሁለት እጁ ለጳጳሱ ሰጠ።  ጳጳሱ ገመዱን ተቀበሉት። እሳቸውም በረት ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። የበሬውን አንገት ዳበሱት፣ ቀንዱን ለኩት፣ ተነፈሱ።

"ሰጥተሃል፣ ተቀብያለሁ" አሉ። "አሁን የእኔ ነው፣ በአደራ አንተ ትጠብቅልኛለህ። ያን ሽማግሌ በሬም ልቀቁት። እኔ ግን ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ባዶ መሬት ልሻገር አይደለም። ነውር ያለበት ተገኝቷል። ተኛ።"

ባሌ ከነልብሱ ደጃፉ ላይ ተጋደመ። ጳጳሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በሁለት ሽማግሌዎች ተደግፈው፣ ተሻገሩት። ማኩዌይ መጥቶ የባሌን ራስ አሸተተ። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምሳ ዓሣ ሆነ፣ ጳጳሱም ሦስት ጊዜ አስጨመሩ።

የያር መዝሙር ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሦስት አንጓ አለው። አንደኛው ስለ በሬው፣ ሁለተኛው ጳጳሱ ስለ ተሻገሩት ቄስ፣ ሦስተኛው ስለ እናቴ ማሰሮ። እስከ ዛሬ በየበዓሉ እንዘምረዋለን። ሁለተኛው ላይ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ባሌም አብሮ ይስቃል። ሦስተኛው ላይ ግን ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ እኔ ይዞራል፣ ሁለት እጁንም እንደ ቀንድ ወደ ላይ ይዘረጋል።