ኦርቪል ሃስኬት ምት ነው ያለው ኳስ

«ነፍሱን ይማረውና፣ አባትሽ ግትር ነበር» አለች የጆሊን ጎረቤት ዊልማ፣ በአይብ የጋገረችውን ማካሮኒ ማቀዝቀዣው ውስጥ ለመሸጎጥ ሌሎች ለቅሶ ደራሾች ካመጧቸው ትሪዎች ጋር እየታገለች። «አገር ምድሩ ስህተት ነው ሲል እሱ ምት ነው አለ። ብቻውን!»

«ዊልማ፣ ሰውዬው ከሞተ ገና ሁለት ቀኑ ነው።»

«ታዲያ ክፉ ወጣኝ? ግትር ነው ያልኩት። የኔም ባል ግትር ነበር።»

ጆሊን አንዱን ትሪ ተቀበለቻት። ነገ ቀብሩ ነው። ቤተክርስቲያን ቆማ ስለ አባቷ የምትናገረው እሷ ናት፤ ሌላ ልጅ የለውም። ከትናንት ጀምሮ «አባቴ ፍርድ አዋቂ ሰው ነበር» ብላ ትጽፍና መልሳ ትሰርዘዋለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ጎን ለጎን ሲጎሻሸም ይታያታል። የባሰው ደግሞ እሷ ራሷ እርግጠኛ አለመሆኗ ነው።

ከተማቸውን ካልቨርት ሚልስን የጫማ ፋብሪካውም ባቡሩም ትተዋት ሄደዋል፤ ያልተዋት የቤዝቦል ቡድኗ ቀበሮዎቹ ብቻ ናቸው። ትልቁ ሊግ የማያውቃቸው፣ በአሮጌ አውቶቡስ የሚንከራተቱ ወጣቶች ናቸው፤ ጎበዙ ወደ ላይ ያልፋል፣ ያልሆነለት ወደ አገሩ ይመለሳል። አንድ ጊዜ የሜዳው የእንጨት መቀመጫ በእሳት ሲወድም ከተማው መዶሻውን ይዞ ወጥቶ በአንድ ወር መልሶ ሠራው። የሂሳብ አስተማሪው ኦርቪል ሃስኬት ደግሞ ከዚያ መቀመጫ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ሆኖ አርባ አንድ ዓመት የቡድኑን ጨዋታ መዘገበ።

ያቺ ኳስ ስትመታ ጆሊን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያን ቀን የሚወረውረው የከተማው ልጅ ዌንደል ክሮስ ነው፤ የሚችለው ጠፋ። በቀበሮዎቹ ታሪክ አንድም ምት ሳይመታበት ጨዋታ የጨረሰ ወርዋሪ የለም፣ ዌንደል ደግሞ ሊጨርስ አንድ መቺ ብቻ ቀረው። ኳሷ ተመታችና መሬት ለመሬት እየዘለለች ወደ ሦስተኛው ቤዝ፣ ከሜዳው ማዕዘኖች ወደ አንዱ፣ ሄደች። እዚያ የቆመው የቀበሮዎቹ ተጫዋች ኤውሴቢዮ የሚባል፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ኳሷ ደረቱን መትታ አመለጠችው፣ መቺውም ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሮጦ በሰላም ደረሰ። መዝጋቢው መያዝ ነበረበት ብሎ «የተጫዋቹ ስህተት» ካለ የዌንደል ታሪክ ይተርፋል፤ የማትያዝ ነበረች ብሎ «ምት» ካለ አለቀለት። ሁሉም ወደዚያች ክፍል አንጋጠጠ።

ኦርቪል «ምት» አለ።

ወይ ጉድ! ያ ኡኡታ ዛሬም ጆሊን ጆሮ ውስጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩ «ላንተ መቀስ የለኝም» ብሎ አባቷን አባረረው። ትምህርት ቤት «ምቷ መጣች!» እያሉ አላገጡባት። እሷም ሜዳውን ዳግም አልረገጠችም። አባቷ ጨዋታ በሆነ ቁጥር «ትመጫለሽ?» ይላል፤ «አልመጣም» ትለዋለች፤ እርሳሱን ይዞ ብቻውን ይሄዳል። ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነበር። «ያየሁትን ጻፍኩ።»

ዊልማ በመጣችበት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሬሳው ባረፈበት አዳራሽ ሰው ተሰልፎ እጇን እየጨበጠ ያልፍ ጀመር። ዌንደል ክሮስም መጣ፤ ቦርጩ ቀድሞት።

«እግዜር ያጥናሽ። እኔ እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ድሮ ነው ይቅር ያልኩት» አለ ጮክ ብሎ።

ደሟ ፈላ። ቢሆንም «አመሰግናለሁ» አለችው።

ከኋላው የማታውቀው ሽበታም ሰው ቆሟል። እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ኤውሴቢዮ እባላለሁ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ትናንት ሰምቼ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ስነዳ አደርኩ።»

ሊሄድ የነበረው ዌንደል ባለበት ቀረ።

«መዝጋቢ እስከ ማግስቱ ቃሉን መለወጥ ይችላል» አለ ሰውዬው። «ስለዚህ አሰልጣኙ ‹ሂድና ስህተቱ የኔ ነው፣ በኔ ጻፈው በለው› ብሎ ላከኝ። ያን ወር ብዙ ስቻለሁ፤ አንድ ብጨምር ወደ አገሬ እንደሚሰዱኝ አውቃለሁ። ግን እኔ ማን ነኝና እምቢ እላለሁ? ቋንቋም እምብዛም አላውቅ፤ ያቺኑ ቃል እየደጋገምኩ ደረጃውን ወጣሁ።»

«አባቴስ ምን አለህ?»

«እጄን ይዞ ወደ ባዶው ሜዳ ወረደ። ተንበርክኮ መሬቱን ዳበሰ፤ ባቄላ የምታክል ጠጠር አወጣ። ኳሷ እሷን ነክታ ነው የነጠረችው። እሱ ከላይ ስትነጥር አይቷታል፤ እኔ እንኳ አላየሁም፣ የራሴ ጥፋት መስሎኝ ነበር! ‹ያላጠፋኸውን ባንተ ላይ አልጽፍም› አለኝ። ስለዚህ ሳልባረር ቀረሁ። ስድስት ዓመት ተጫወትኩ። ሚስቴንም እዚሁ አገር አገኘኋት፣ አራት ወለድን።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም፣ ሰውዬ?» አለ ዌንደል።

«እሱ ከለከለኝ። ‹ስለ ጠጠር ብታወራ ማመካኛ ፈለገ ብለው ይጮሁብሃል። በኔ ይናደዱ ግድ የለም፣ እኔ እዚሁ ነኝ› አለኝ።»

ዌንደል ወደ ሬሳ ሳጥኑ ዞረ። «አርባ አራት ዓመት ሙሉ ይቅር ባይ ነኝ እያልኩ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ጆሊን ለኔስ ለምን አልነገረኝም ልትል ነበር፤ ግን መልሱን አወቀችው። ቢነግራት ኖሮ በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ጮኻ ታዳርሰው ነበር። ልጁን ደህና አድርጎ ያውቃታል።

በማግስቱ ቤተክርስቲያን ውስጥ ያለ ወረቀት ቆመች።

«አባቴ ያየውን ጻፈ» አለች። «የጠየቃችሁት ሁሉ ሰምታችሁታል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም ነበር። እኔ ዝምታውን ግትርነት እያልኩ ስቀየመው ኖሬያለሁ። ያን ዝምታ ለሰው ብሎ መሸከሙን ገና ትናንት ሰማሁ። አባዬ፣ አመሰግንሃለሁ። ስላልመጣሁም ይቅር በለኝ።»

ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። በመተላለፊያው ወርዳ በር አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ኤውሴቢዮ ዘንድ ሄደችና እጅጌውን ያዘችው።

«ኧረ ተይ፣ ፊተኛው የቤተሰብ ነው» አላት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ተነስ።»

ሰው ሁሉ እያየ ወደ ፊት ወሰደችው። ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ያለውን የመጀመሪያውን ቦታ ለቀቀችለትና እሷ ከጎኑ ተቀመጠች።